የአደራዋ ጥንቸል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዚህ እትም ስለ ምሕረት ጻፉ ተብለን ነበር። ከመጻሕፍት ለቃቅመን ከምናቀርብላችሁ ይልቅ በእኛው ላይ የደረሰውንና ያፈርንበትን ብንነግራችሁ ይሻላል ብለን ተስማማን።

በ2016 ዓ.ም. በነነዌ ጾም ዋዜማ፣ ከሕፃናት ክፍል አንድ ታናሽ ወንድማችን ቤተሰቡ ለለቅሶ ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ፣ የሚያሳድጋትን ነጭ ጥንቸል አብረን መዝሙር ለምናጠናው ለአራታችን አደራ ሰጥቶን ሄደ። እኛም ተቀብለን በካርቶን ውስጥ አስቀመጥናት፤ ድርቆሽ ገዝተን ጣልንላትና አደራችንን የተወጣን መሰለን።

ሰኞ ጠዋት ግራ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ እንባዋ ፀጉሯ ላይ ደርቆ አገኘናት። የድርቆሹ አገዳ ወግቷት ኖሯል። ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ሲባል ከመካከላችን አንዱ፣ «ጥንቸል እኮ በኦሪት ርኩስ ከተባሉት ናት (ዘሌ. 11፥6)፤ አትበላ፣ አትታለብ፤ ለእርሷ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?» አለ። ጥቅሱን አልተሳሳተም። አንዲት እኅታችን ግን፣ «መጽሐፉ አትብሏት አለ እንጂ አትዘኑላት አለ እንዴ?» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ በዚሁ ቀረ። ገንዘቡም አልወጣም፤ ሐኪም ዘንድም አልሄድንም። አንዳችን ከቤቱ ዓይኑን ታሞ የነበረ ወንድሙ ያስተረፈውን ጠብታ አመጣና እርሱን እናደርግላት ጀመር። ርኅራኄ ነው ብለን ነበር።

ማክሰኞ መብላት አቆመች። ያን ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ «ነነዌን እየጾመች ነው» ብለን ቀለድን። የነነዌ ንጉሥ እንስሳት እንኳ እንዳይቀምሱ ማወጁን (ዮና. 3፥7) ስለምናውቅ ቀልዱ ከመጽሐፍ የተገኘ መስሎን ሳቅን። እስከ ዛሬ የምናፍረው በዚያ ሳቅ ነው።

ረቡዕ ዓይኗ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ሲነጣ ደንግጠን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘናት ሮጥን። ሐኪሙ ቀለም ያለበት ወረቀት ዓይኗን አስነክቶ በሰማያዊ መብራት ሲያይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ጠብታውን አሳየነው። «ልጆቼ፣ ይህ ኮርቲዞን ያለበት ነው፤ እንዲህ የቆሰለን ዓይን እንዳይድን የሚያደርግ፣ ቁስሉንም የሚያብስ ነው» አለን። ጥንቸል የአውሬ ታዳኝ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስትታመም ዝም ትላለች። ማስታወክም አትችልም። ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሥራውን ሊያቆምና ልትሞት ትችላለች። ጾም ያልነው ነገር ይህ ነበር። ሰው የሚውጠውን አሞክሳሲሊን እንዳንሰጣትም አጥብቆ ነገረን፤ በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድልባታልና።

ከዚያ ወዲህ ተራ ገባን። በየስድስት ሰዓቱ አዲሱን ጠብታ ማድረግ፣ የተፈጨ ቅጠል መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፏ ጎን ቀስ ብሎ ማጉረስ ነበረብን። ስትያዝ በፎጣ ትጠቀለላለች፤ የኋላ እግሮቿ ካልተደገፉ ተራግጣ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። ለማኅሌት ሌሊት መነሣት የለመድን ነንና ይህ አይከብደንም ብለን ነበር፤ ከበደን። የእኩለ ሌሊቱን ተራ ማንም ሳያዝዘው የወሰደው ያ ዘሌዋውያንን የጠቀሰው ወንድማችን ነው።

በእነዚያ ሌሊቶች የዮናስን መጽሐፍ እንደገና አነበብን። በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ ዓሣ አንበሪውን ሁላችን እናውቃለን። መጨረሻውን ግን ልብ ብለነው አናውቅም ነበር። ዮናስ ላልደከመባት ቅል ሲያዝን፣ እግዚአብሔር ከ120 ሺህ ስለሚበልጡት ሰዎች ጠየቀው፤ ጥያቄውንም በእንስሳቱ ፈጸመ (ዮና. 4፥11)። መጽሐፉም በዚያው ያልቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። ለምን ይጠቅማሉ ተብለው አይደለም የተቆጠሩት። እኛ ግን ጥንቸሏን የለካናት በምትሰጠን ነበር፤ ምንም ስለማትሰጠንም የተረፈ መድኃኒት በቃት። አንዳችንም ጎንበስ ብለን ወይም ሰው ጠይቀን ምን እንደሆነች ለማወቅ አልደከምንም።

በሁለት ሳምንት ቁስሉ ዳነ፤ በዓይኗ ላይ ግን ቀጭን ነጭ ጠባሳ ቀረ። ልጁ ሲመለስ «ድርቆሽ ወጋት» ብለን ልንተወው አሰብን። ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። በመጨረሻ ታላቃችን ስለ ጠብታውም፣ ስለ ሳቁም ነገረው።

ልጁ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ቀን ሳትበላ ቆየች?»

«ከአንድ ቀን በላይ» አልነው። ምንም አልመለሰም። የኋላ እግሮቿን በመዳፉ ደግፎ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ አቅፏት ወጣ። ይህን ጽሑፍ እርሱም ያነበዋልና እዚህም ደግመን ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።