አሁን የሚያበረው ማን ነው?

ልጄ፣ ከወልቂጤ ተነስተሽ የአብራሪነት ሥልጠና ልትገቢ መሆኑን አባትሽ ቡታጅራ ደውሎ ሲያበስረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንኳን ደስ አለሽ። ዕድሜዬን ኮክፒት ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ አውቶፓይለት ልምከርሽ።

አውቶፓይለትን አትናቂው። በረጅም በረራ፣ በድካም ሰዓት ከፍታና አቅጣጫ በመጠበቅ ከሰው እጅ ይበልጣል፤ አንቺም ስለ አየሩና ስለ ነዳጁ ለማሰብ ፋታ ታገኛለሽ። ግን የጊቤን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶም ቢሆን ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ሁልጊዜ ራስሽን ጠይቂ፦ አሁን የሚያበረው ማን ነው? እኔ፣ እሱ ወይስ ሁለታችንም?

መልሱ ከፊትሽ ስክሪኑ አናት ላይ ተጽፏል። በቦይንግ 737 አዲስ ሞድ (የአሠራር ስልት) ሲገባ አረንጓዴው ጽሑፍ ለ10 ሰከንድ በሳጥን ይከበባል። ያኔ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ቁልፉን ስለተጫንሽ ብቻ ያሰብሽው ሆኗል ብለሽ አትለፊ። በ2005 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የኤሺያና አየር መንገድ አብራሪዎች ፍጥነቱን ማሽኑ የሚጠብቅላቸው መስሏቸው ነበር፤ በገባበት ሞድ ግን አይጠብቅም ነበር። 137 ኖት መሆን የነበረበት ፍጥነት ወደ 103 ወረደ፤ የአውሮፕላኑ ጭራ የባሕሩን ግንብ መታ፤ 3 ሰዎች ሞቱ።

የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋ ግን ሌላ ነው። ሳነሳው ዛሬም ሆዴ ይባባል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ከቦሌ እንደተነሱ የግራው ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። ኤምካስ የሚሠራው አውቶፓይለት ሲጠፋ ነው። በእጃቸው እያበረሩ ማሽኑ ይታገላቸው ነበር ማለት ነው። የትሪሙን ኤሌክትሪክ ቆረጡ፤ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የትሪም ጎማ በእጅ ሊያዞሩ ሞከሩ፤ በነበሩበት ከፍተኛ ፍጥነት እምቢ አለ። 157 ሰው አለቀ። አምራቹ ቦይንግ ይህን 737 ማክስ የተባለ አውሮፕላን ሲያስረክብ ይህን ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንኳ አልገለጸውም ነበር፤ እኔ ፍርዴን የምሰጠው በእሱ ላይ ነው። አንቺ ግን በምትሠለጥኚበት አውሮፕላን ሁሉ ጠይቂ፦ አውቶፓይለት ሲጠፋ ምን ይቀራል? መረጃውን የሚወስደው ከየትኛው ሴንሰር ነው? መምህሩ ቢሰለች እንኳ ደግመሽ ጠይቂ።

እኛ አገር ታላቅን ማክበር ደንብ ነው፤ መልካም ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ይሉኝታ አይያዝሽ። ካፒቴኑ አባትሽን የሚያህል ሰው ቢሆን፣ ፍጥነት ሲወርድ ካየሽ «ፍጥነት!» ብለሽ ተናገሪ።

እጅሽም እንዳይዶለዱም። ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ካፒቴን ልዑል አባተ በጠላፊዎች ተይዞ፣ ነዳጅ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ፣ ኮሞሮስ አጠገብ አውሮፕላኑን ባሕር ላይ ያወረደው በገዛ እጁ ነው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ሰማዩ ጥርት ሲልና ደንቡ ሲፈቅድ አውቶፓይለቱን አጥፍተሽ በእጅሽ አብርሪ።

ማሽኑ የሚያደርገው ግራ ካጋባሽ ደግሞ ቁልፍ ስትነካኪ ጊዜ አትፍጂ። አጥፊው፤ አውሮፕላኑን በእጅሽ ያዢ፤ ምክንያቱን በኋላ ፈልጊ።