የዐዋቂ ዕዳ

ዕዳ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ገንዘብ ነው፤ ያበደረ አለ፥ የተበደረ አለ፥ የውሉም ቀን ይቈጠራል። ነገር ግን ማንም ሳያበድረው ሰውን ባለዕዳ የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። ወንዝ በሞላ ጊዜ መሻገሪያው የት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፥ መንገደኛው ወደ ጥልቁ ሲገባ እያየ ዝም ቢል፥ ምንም እንኳ በእጁ ባይገፋው፥ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ይህን የሚክድ ሰው አይገኝም። ጥያቄው የሚከብደው ጥፋቱ በአንድ ቅጽበት ሳይሆን በዐሥር ዓመት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደርስ፥ የሚጠፋውም ሰው ሳይሆን ዛፍ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ዛፍ ለመነጋገር ወደ ጫካ መሔድ አያስፈልግም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር በሚወርደው ጎዳና፥ በቴዎድሮስ አደባባይና በፒያሳ ዙሪያ የሚመላለስ ሰው በየመንገዱ ዳር ያለውን ዛፍ ቀረብ ብሎ ቢመለከት ይበቃዋል። በከተማችን ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ተለብጦ ውሃ የሚገባበት ስንጥቅ ያጣ ዛፍ አለ፤ በችግኝነቱ ዘመን ድጋፍ እንዲሆነው የታሰረለት ሽቦ ሳይፈታለት ቀርቶ ሥጋው ውስጥ የሰመጠበት አለ፤ ከአናቱ ተመልምሎ እንደ ምሰሶ የቆመም አለ። ይህን ያደረገው ማን ነው ቢባል፥ ጠላት ነው ለማለት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ያደረገው ዛፉን የሚወደው ሰው ነው። ባለ ሱቁ ሲሚንቶውን ያፈሰሰው በዛፉ ሥር ጭቃ እንዳይኖር ነው፤ ሽቦውን ያሰረው ነፋስ እንዳይጥልበት ነው፤ ቡና ቤቱም ብርጭቆ ያጠበበትን የሳሙና ውሃ የሚደፋበት ያጠጣው መስሎት ነው።

ዳሩ ግን ዛፍ በመልካም ሐሳብ ብቻ አያድግም። ሥሩ አብዛኛው ከመሬት ገጽ ሳይርቅ ወደ ጎን የሚዘረጋ ስለ ሆነ፥ አፈሩ ሲደፈጠጥና ሲለበጥ አየር አጥቶ ይታፈናል። ከአናቱ የተቈረጠው ዛፍ በቍስሉ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ በጥድፊያ ያወጣል፤ ያየውም ሰው «ታደሰ» እያለ ደስ ይለዋል። እነዚያ ቅርንጫፎች ግን ከግንዱ ጋር የተያያዙት በላይ በላዩ ነው፤ ከሥራቸው ያለው እንጨት እየበሰበሰ ሔዶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነፋስ በተነሣ ጊዜ አስቀድመው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው። እንዲሁም ቅርንጫፍ ከግንድ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ እንደ ቀለበት ያበጠ ክፍል አለ፤ መጋዙ ከቀለበቱ ወጣ ብሎ ያለፈ እንደ ሆነ ዛፉ ቍስሉን ራሱ ይሸፍነዋል፤ ቀለበቱን ይዞ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ቍስሉ ለብዙ ዘመን አፉን ከፍቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለአንድ አስተዋይ ሰው ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃል። የሩብ ሰዓት ትምህርት ያጣ ፍቅር የኻያ ዓመት ዛፍ ያጠፋል ማለት ነው።

እንግዲህ ዕዳው ለማን ነው? ዛፍ ከሳሽ ሆኖ ችሎት አይቆምም። የእኔ አሳብ ዕዳው ለዛፉ ጠባቂ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም ድንቍርና ዛፉን ከማጥፋቱ በፊት የሰውየውን ድካም ከንቱ ያደርግበታል። በበጋ ባልዲ ተሸክሞ ያጠጣ ሰው፥ ያጠጣው ነገር በገዛ እጁ ሲሞት ማየት የለበትም፤ የሚያስጠነቅቀው ዐዋቂ በአንድ ከተማ ውስጥ እያለ ደግሞ ይልቁንም የለበትም።

የአዲስ አበባ ሰው ዛፍን የተማረው ከባሕር ዛፍ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ከተማይቱ ተመሥርታ ጥቂት ዓመት እንደ ቈየች በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ያም ሕንፃ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው፥ ትውልዱ አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ አስተምሮናል፤ ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፥ እንደ ገና ቢቈርጡት እንደ ገና ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ዛፍ ማለት ቢቈርጡት የሚመለስ ነገር ነው የሚል እምነት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በልባችን ሠረጸ። ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከሥሩ ከተቈረጠ ጉቶው አያቈጠቍጥም። በባሕር ዛፍ ሕግ ጥድን የሚያስተዳድር ሰው ዋሽቶ አይደለም፤ እውነተኛ ዕውቀቱን ወደማይሠራበት ስፍራ ወስዶት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ከየዋህነት ብዛት ራሱ ሊያርመው አይችልም፤ የሚያርመው ከሌላ ሰው የሚመጣ ቃል ብቻ ነው።

ዐዋቂው ግን ሁለት መልስ አለው። አንደኛው፥ «ዕውቀቴ እንጀራዬ ነው» የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው ዋጋው ይገባዋል። «ከዚህ ላይ አትቍረጥ» ለምትል አንዲት ቃል ዋጋ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይልቁንም ቃሏ የተገኘችው በሕዝብ ግብር በቆመ ትምህርት ቤት የሆነ እንደ ሆነ። ሁለተኛው መልስ፥ «ጽፌ አስተላልፌአለሁ» የሚል ነው። ይህን መልስ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በደንብ እናውቀዋለን፤ ሰርኩላር ካወጣን በኋላ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለናል። የተጻፈው ወረቀት በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲተኛ፥ ሽቦው በዛፉ አንገት ላይ እንደ ታሰረ ነው።

የአደባባዩ ስም ራሱ በዚህ ነገር ላይ የሚናገረው አለው። መታወቂያው የሆነው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳል የሚያስታውሰን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበብን ምን ያህል ተጠምተውት እንደ ነበር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለወንጌል ሥራ የመጡትን የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች አስገድደው መድፉን አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. ስንትና ስንት ሰው እየጎተተው መቅደላ ደረሰ፤ ዋናው እስከ ዛሬ በዚያው በአምባው ላይ ይገኛል። የንጉሡን ምኞት ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በግድ የወጣ ጥበብ አንድ ትልቅ ነገር ሠርቶ ቆመ እንጂ ወደ ብዙ እጅ አልተሠራጨም። ዛፍን የሚጠቅመው ዕውቀት ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ ትንሽ ነው፥ በብዙ እጅ መሆን አለበት፥ በየዓመቱም መታደስ አለበት።

በደግነት የሚሰጥ ዕውቀትም ቢሆን ትእዛዝ የሆነ እንደ ሆነ ይበላሻል። ከዚያው ከጋፋት ሳንርቅ፥ በደቡብ ጎንደር የሆነው ምሳሌ ይሁነን። አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀሩትን ጥንታውያን ደኖች መረመሩ። ያገኙትም ነገር፥ ከብት ገብቶ የሚበላውና የሚረግጠው ቡቃያ ሽማግሌውን ዛፍ ሊተካ እንደማይችል ነው፤ ደኑ ከላይ አረንጓዴ ሲሆን ከታች ልጅ የለውም። ከአሜሪካዊቱ ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ይህን ለካህናቱ ገለጡ፤ ከሰማይ የተነሣውን ሥዕል አሳይተው ደኑ በእርሻ መካከል ምን ያህል ትንሽ ደሴት እንደ ሆነ ካህናቱ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳለት። ሊቁ ያመጣው ዓይንን ነው፤ ደኑን ለዘመናት ያቈየው እምነት፥ ድንጋዩና ጉልበቱ የሕዝቡ ነበረ። «ደናችሁን አታውቁበትም» ተብሎ ቢጀመር ኖሮ አንድ ድንጋይ የሚያነሣ አይገኝም ነበር።

የገጠሩ ደን ግን ደብር አለው፤ ደብሩም አለቃ አለው። የከተማው ዛፍ ማን አለው? በመንገድ ዳር ያለው የማዘጋጃ ቤት ነው እንላለን፤ ይሁንና ማዘጋጃ ቤት በየማለዳው ተነሥቶ እያንዳንዱን ዛፍ ሊያይ አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፤ የሚተከልበት ቀን ነጋሪት አለው፥ በሁለተኛው ዓመት በየካቲት ፀሐይ ውሃ የሚጠጣበት ቀን ግን ነጋሪት የለውም። ለዚህ ነጋሪት ለሌለው ሥራ ከዕድር የተሻለ ማኅበር አላውቅም። ዕድር መዝገብ አለው፥ ዳኛ አለው፥ የቀረ ሰው የሚቀጣበት ሥርዓት አለው፤ ድንኳንና ወንበር ቈጥሮ የሚያስረክብ ሰው ሠላሳ ዛፍ ቈጥሮ ማስረከብ አያቅተውም። የጎደለው መጋዝ የሚያስይዘውና ምልክቱን የሚያሳየው ሰው ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪዎች አጭር ትምህርት ተምረው፥ ተፈትነው፥ የመንገድ ዛፍ ለመግረዝ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ደግሞ ከ2,200 በላይ በጎ ፈቃደኞች በተካፈሉበት ቈጠራ ከ660,000 በላይ የመንገድ ዛፎች ተመዝግበዋል። እኛም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፥ የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቃውንት፥ በወንዶ ገነት የሠለጠኑ የደን ዐዋቂዎች አሉን። ከእነርሱ እስከ ዕድሩ ድንኳን ያለው መንገድ በታክሲ የሚደረስ ነው።

አሁን ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው የኮሪደር ልማት ሲካሔድ አሮጌ ሠፈሮች ፈረሱ፥ ብዙ ነዋሪም ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ሔደ። መንገዱ ሰፍቷል፥ አዲስ ችግኝም ተተክሏል። ነገር ግን ሠፈር ሲነሣ ዕድሩም ይበተናል፤ አጥሩ ፈርሶ የግቢው ዛፍ የመንገድ ዛፍ ሆኖ በቀረ ጊዜ፥ በየትኛው ወገኑ እንደ ታመመ፥ በየትኛው ዓመት ቅርንጫፍ እንደ ጣለ የሚያውቁት እማማ ግን በሌላ ክፍለ ከተማ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ናቸው። ይህም ዕውቀት ነው፤ መጽሐፍ ያላነበበው ዕውቀት ነው። የዛፍ ሊቁ የማያውቀውን እማማ ያውቁ ነበርና፥ ከመሔዳቸው በፊት ቀርቦ ያልጠየቃቸው ሊቅ ዕዳውን ሳይከፍል ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ሳይቀበል ቀርቷል።

የመጨረሻው ጥያቄ፥ ዐዋቂውና ሠፈሩ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ምን ይሁን የሚለው ነው። ሽማግሌ ዛፍ በመንገድ ላይ አዘንብሏል፤ ዐዋቂው «ውስጡ በስብሷል፥ ይውረድ» ይላል፤ ሠፈሩ «አባቶቻችን ከሥሩ ተቀምጠው አስታርቀዋል፥ አይነካም» ይላል። ዐዋቂው ሊያደርግ የሚገባው መዶሻ ይዞ በፊታቸው ግንዱን መምታትና ባዶ ድምፁን በጆሯቸው እንዲሰሙ ማድረግ ነው። ሰምተውም እንቢ ቢሉ፥ አደጋው የሚወድቀው በእነርሱ በራሳቸው ላይ ብቻ ከሆነ ምርጫው የእነርሱ ይመስለኛል፤ ቅርንጫፉን በማቅለልና ከሥሩ ድጋፍ በማቆም ጥቂት ዓመት ሊጨምሩለት ይችላሉ። ነገር ግን በየማለዳው በዚያ ዛፍ ሥር ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፈው የሌላ ሠፈር ልጅ በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ ድምፅም አልሰጠም። በእርሱ ፈንታ የሚናገር ማዘጋጃ ቤት ነውና፥ እንዲህ ያለው ዛፍ በእርሱ ትእዛዝ ይወርዳል። በጉቶው አጠገብ ምን ዓይነት ችግኝ እንደሚተከል፥ በበጋም ማን እንደሚያጠጣው ግን ሠፈሩ ተቀምጦ ይወስን፤ ዐዋቂውም የሚጠይቁትን ለመመለስ በዚያ ቀን አይቅር።