የሚጠራጠር ይፈትን

ትምህርት ሌባ የማይሰርቀው፣ እሳት የማይበላው ሀብት ነው እየተባለ ነው ያደግነው። ወላጆቻችን መሬት ሊያወርሱን፣ ቤት ሠርተው ሊያስረክቡን አቅም ባይኖራቸው «ተማር፤ የተማርከውን ማንም አይወስድብህም» ይሉን ነበር። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዕውቀቱን ማንም ባይወስደውም፣ ዕውቀቱ መኖሩን የሚመሰክረው ወረቀት ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ያለ ዕለት ባለሀብቱ ሀብቱን እንደታቀፈ ድኻ ይሆናል። እንግዲህ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ቤት የተማረውን ሌላው ቤት ሲጠራጠር፣ የጥርጣሬውን ዋጋ መክፈል ያለበት ማን ነው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የምኖረው በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። በዚህ ከተማ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ በሆቴል እንግዳ የሚቀበለው ያገሬ ልጅ ከአጠገቡ የትምህርት መጽሐፍ አይጠፋም። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ፤ ቀን በአንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ አንዱን ዛፍ ብቻ የሚወጣ ሰው ወይ የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ወይ ባለበት ይቀራል። ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በየሴሚስተሩ ስድስት ስድስት ክሬዲት እየወሰድኩ በአምስት ዓመት 60 ክሬዲት አጠናቀቅሁ። ከዚያ የሥራ ቦታዬ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ሜሪላንድ ተዛወረ። እኔም ተከትዬ ተሻገርኩና እዚያው ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትምህርቴን ልቀጥል አመለከትኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የደረሰኝ ወረቀት ከ60ው 34ቱ መታሰቡን፣ የቀረው 26 ክሬዲት ግን «ከእኛ ትምህርት ጋር የማይመጣጠን» መሆኑን ገለጸልኝ። ከወደቁት ውስጥ የሒሳብ አያያዝ መግቢያ አንድና ሁለት ይገኙበታል። ቀን የሆቴሉን መዝገብ የምዘጋው ሰው ማታ ዴቢትና ክሬዲት ምን እንደሆኑ ከሀ ጀምሬ እንድማር ተፈረደብኝ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ለአንባቢ ባላቀረብሁትም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የተዛወሩ ተማሪዎች በግምት በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶውን እንዳጡ አስታውቋል። ከመቶ አርባ ሦስት! እርግጥ በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያሉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የመቀባበል ውል አላቸው፤ ከቨርጂኒያ ኮሌጅ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ብሄድ ኖሮ መንገዱ በቀለለልኝ ነበር። ይሁንና ውሉ ወንዝ አይሻገርም። እንጀራ ፍለጋ የሚሻገር ሠራተኛ ደግሞ የውል ወሰን እያየ አይሻገርም።

አሁን ነገሩን ከገንዘቡ ጋር እናገናኘው። ድኻ ተማሪ እንዲማር ብሎ የአሜሪካ መንግሥት ከሚሰጠው ዕርዳታ ዋነኛው ፔል ግራንት ይባላል። በ1972 የተጀመረና በኋላም በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም የተጠራ ነው። በ2024 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን ለሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። የማይመለስ ገንዘብ ነውና በጎ ነገር ነው፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ማሰሮው ልክ አለው። ከ2012 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ ይህን ዕርዳታ የሚያገኘው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ ነው። እንደ እኔ በግማሽ ለሚማር እያንዳንዱ ሴሚስተር እንደ ግማሽ ይታሰባል። በቨርጂኒያ የተማርኳቸው አሥር ሴሚስተሮች እንግዲህ አምስቱን በልተዋል፤ ሰባት ይቀሩኛል፤ እነርሱም ለ14 የግማሽ ሴሚስተሮች ይበቃሉ። ለዲግሪው 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። 60ው ቢታሰብልኝ ኖሮ የሚቀረኝ የአሥር ሴሚስተር ጉዞ ነበር፤ ማሰሮውም ሳይጎድል በደረስኩ። 34 ብቻ ስለታሰበልኝ ግን 86 ይቀረኛል፤ በስድስት ስድስት ሲካፈል 15 ሴሚስተር፣ ሰባት ዓመት ተኩል። ዕርዳታው ከትምህርቱ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ያልቃል። አምስት ዓመት የነበረው መንገድም ሁለት ዓመት ተኩል ይጨመርበታል።

ልብ በሉ፤ ተቀባይነት ያጣው ክሬዲት ሲሰጥ ገንዘቡን የከፈለው ያው መንግሥት ነው። ዩኒቨርሲቲው «ይህን አላውቀውም» ሲል ክሬዲቱ ይሰረዛል፤ ለክሬዲቱ የወጣው ዕርዳታ ግን አይሰረዝም፤ በስሜ ተቆጥሮ ይኖራል። አንዱ መዝገብ «አልተማርክም» ይለኛል፤ ሌላው መዝገብ «ተምረህበታል» ይለኛል። በሒሳብ ክፍል እንዲህ ያለ ሁለት መዝገብ ይዞ የተገኘ ሠራተኛ ከሥራው ይባረራል።

የዕርዳታ መጠየቂያው ቅጽም የራሱ ጠባይ አለው። የዘንድሮ አቅሜ የሚለካው ከሁለት ዓመት በፊት ባገኘሁት ገቢ ነው። በዚያ ዓመት ሌት ተቀን ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ፤ እናቴ ታማ ነበር። ገንዘቡ ደሴ ሄዶ፣ ሐኪም ቤት ገብቶ ካለቀ ቆይቷል፤ በቅጹ ላይ ግን ዛሬም እጄ ውስጥ ነው። ደሴ ያለች እናት ደግሞ ከቤተሰብ ቁጥር አትገባም። የዕርዳታ ክፍሉ ሠራተኛ የተለየ ችግር አይቶ ስሌቱን ሊያስተካክል በሕግ ሥልጣን አለው፤ ማስረጃ አምጣ ሲለኝ ግን የማመጣለት የሐዋላ ደረሰኝ እንጂ የልጅነት ግዴታ ደረሰኝ አይደለም። ቅጹ ክፉ አይደለም፤ የተሠራው ከእናቱ ቤት ወጥቶ ኮሌጅ ለሚገባ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ግን እናቴ ከእኔ ቤት ነው የምትበላው።

የሬጅስትራሯን ሠራተኛ አነጋግሬአቸዋለሁ። ደግ ሴት ናቸው፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። «በዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የእኛ ስም ነው። ያላስተማርነውን፣ ያላየነውን ትምህርት እንዴት አድርገን እንመሰክራለን?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ያላየውን የሚመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ስሙን መጠበቁ፣ ከዚያም አልፎ መጠራጠሩ መብቱ ነው። ሆኖም ያላየውን ለማየት ያደረገው ነገር ምንድን ነው? የኮርሱን ስምና የሰዓቱን ቁጥር ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያየ፤ በቃ። ዕውቀቱን ግን አልጠየቀውም።

ለመሆኑ ይህ በሰዓት መቁጠር ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከትምህርት ፍልስፍና የመነጨ ይመስለዋል፤ የመነጨው ግን ከጡረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት «ለመሆኑ ኮሌጅ የሚባለው የትኛው ነው?» ብሎ መለየት ነበረበትና፣ ከመለያዎቹ አንዱ ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጡበት የትምህርት ሰዓት ሆነ። ጡረታውን የፈለገ ኮሌጅ ሁሉ መለኪያውን ተቀበለ፤ በሰዓት የመቁጠሩ ልማድም ከፍተኛውን ትምህርት አዳረሰ። መምህር በደኅና እንዲጦር የተቀመረ መስፈሪያ የዕውቀት መስፈሪያ ሆኖ ቀረ። ቁና እህል ይለካል፤ የእህሉን ጥራት ግን ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ ላይ የእኛን አገር የቆሎ ተማሪ ማንሣት ግድ ይለኛል። የቆሎ ተማሪ ከቤት ወደ ቤት ተዛዋሪ ነው፤ ዜማውን በአንድ አገር፣ ቅኔውን በሌላ፣ መጻሕፍቱን በሦስተኛ ይማራል። የገንዘብ ዕርዳታው ኮቾሮ የሚሞላ አኩፋዳ፣ ቅጹም «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። ከጎጃም ተነሥቶ ወሎ ሲደርስ ትራንስክሪፕት አይዝም። «ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ዘልቄአለሁ» ያለ እንደሆነ የኔታ ወረቀት አይጠይቁትም፤ «እስቲ አሰማን» ይሉታል። ከሞላበት እዚያው ያስገቡታል፤ ከጎደለበት ከጎደለበት ያስጀምሩታል። ያን ሥርዓት ማሳመር አልፈልግም። ረኀቡ፣ ውሻው፣ ዱላው ይታወቃል፤ ሴት ልጅም በበሩ አልፋ የገባችው ከስንት አንድ ነው። ቤቶቹም ይናናቁ ነበር፤ የዋሸራን ቅኔ የለመደ ዋድላ ሲሄድ ስልቱን እንደ አዲስ ይቀበላል። ቢሆንም አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ የተጠራጠረው መምህር የጥርጣሬውን ዋጋ ራሱ ይከፍላል። ዋጋውም ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸው ነው። መጠራጠር መብት ከሆነ መፈተን ግዴታ ነው። ሳይፈትኑ መጣል ግን ሁለት ትምህርት ቤቶች ባለመተማመናቸው የተፈጠረውን ዕዳ በሦስተኛው፣ በጉዳዩ በሌለበት ሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ያውም ከሦስቱ አቅም በሌለው ላይ።

አንድ ወዳጄ «ደግሞ መማር ምን ይጎዳል? ዕውቀት ሲደገም ይጠነክራል» ይለኛል። ወድዶ የሚደግም ይጠነክራል፤ ተገድዶ የሚደግም ግን ሌላ የሚማርበትን ጊዜ ይከፍላል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሴሚስተርና የእኔ ሴሚስተር በካሌንደር ላይ እኩል ናቸው፤ በእናቴ ዕድሜ ሲለኩ ግን እኩል አይደሉም። ሌላው ደግሞ «ሁሉንም እንቀበል ከተባለ ያልተማረ ነርስ መርፌ ይወጋናል» ይላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን መልሱ ያው ፈተናው ነው፤ ከ15 ዓመት በፊት የተማረውን የረሳ ነርስ ከወረቀቱ ቁጥር አይታወቅም፣ ሲፈተን ይታወቃል። እንዲህ ያለ ፈተና አዲስ ፈጠራም አይደለም። ክሌፕ የሚባለው ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ፤ የሒሳብ አያያዝ መግቢያም አለው፤ ዋጋውም ከአንድ ኮርስ ክፍያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። መቀበል አለመቀበሉ ግን ለየዩኒቨርሲቲው ፈቃድ የተተወ ነው። ፈተና የሚቀንሰው ተማሪው የሚከፍለውን፣ ማለት ዩኒቨርሲቲው የሚያገኘውን ነውና፣ ፈቃዱን ለዩኒቨርሲቲው ብቻ መተው ዳኝነቱን ለባለጉዳዩ መስጠት ይመስለኛል።

ለሒሳብ አያያዝ ክፍሉ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ዲግሪ ስጡኝ፣ እመኑኝ፣ እዘኑልኝ አላልኩም። የመግቢያ አንድና ሁለትን የመጨረሻ ፈተና ተማሪዎቻችሁ በሚቀመጡበት ሰዓት፣ በሚቀመጡበት ወንበር አስቀምጡኝ ነው ያልኩት። መልሱ ገና አልመጣም። ብፈተንና ብወድቅ እንደገና እማራለሁ፤ ያን ጊዜ የምከፍለው ለራሴ አለማወቅ እንጂ ለሌላ ሰው ጥርጣሬ አይሆንም።