የእጅ ሥራ ደስታ ለነፍስ ይጠቅማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከምእመናን ወገን አንዳንዶች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ክር ሲፈትል፥ ሹራብ ሲሠራ፥ ሰፌድ ሲሰፋ የሚያገኘው ደስታ የተፈቀደ ደስታ ነውን? ወይስ ለጸሎትና ለምጽዋት ሊውል የሚገባውን ጊዜ የሚበላ ከንቱ ነገር ነው? የሚል ነው። በአባቶቻችን ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ስለምን ቢሉ፥ ያልተፈተለበት ቤት የሚለብሰው አልነበረውምና። ዛሬ ግን በወልድያም ሆነ በመርሳ ገበያ የፋብሪካ ካልሲ ተደርድሮ ይሸጣል። ስለዚህ አንዲት ወጣት ለአንድ ጥንድ ካልሲ ብዙ ማታ ስትደክም ያየ ሰው፥ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው? ገዝታ አታደርግምን?» ቢል አይፈረድበትም። በችግር የሚሠራ ሥራ ምክንያቱ ችግሩ ነው፤ በውድ የሚሠራ ሥራ ግን ምክንያቱ ሊመረመር ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንደ ዐቅማችን እንመረምራለን።

አስቀድመን የአገራችንን ልማድ እንመልከት። ከወልድያ በስተ ምዕራብ ወደ መቄትና ወደ ዋድላ ደጋ የሚወጣ ሰው ብርዱ ሲጸናበት ያውቀዋል፤ በዚያ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሠራበታል። ወደ መርሳና ወደ ሐብሩ ዝቅ ሲል ደግሞ አየሩ ይሞቃል፤ የሚፈለገውም የጥጥ ልብስ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፥ ፍሬው ይወጣል፥ በደጋን ይነደፋል፥ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ከዚያም ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ነጠላ፥ ኩታ፥ ጋቢ ያወጣዋል። በዚህ ሁሉ ፈትሉ የሴት፥ ሽመናው የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። የአብነት ተማሪም ከዚህ ውጭ አልነበረም፤ ደበሎውን ራሱ ይሰፋል፥ ብራና ይፍቃል፥ ቀለም ይበጠብጣል፥ መጽሐፍ ይደጉሳል። እንግዲህ የእጅ ሥራ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ሥራው ሳይሆን፥ ግድ የነበረው ሥራ ዛሬ በምርጫ የሚሠራ መሆኑ ነው።

የካልሲን ነገር ካነሣን ዘንድ ስሙንና ታሪኩን ጥቂት ማስተዋል መልካም ነው። ካልሲ የሚለው ቃል ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው። ሹራብ የሚለው ግን ከዐረብኛ የተወረሰ ነው፤ በግብፅና በሱዳን ሰዎች አነጋገር ትርጉሙ የእግር ልብስ ማለት ሲሆን፥ በእኛ ቋንቋ ከእግር ወደ ደረት ወጥቶ የላይ ልብስ መጠሪያ ሆነ። ሥራውም ጥንታዊ ነው። በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር በቀይ የበግ ጠጉር ክር የተሠራ አንድ ጥንድ ካልሲ ይገኛል። ሊቃውንቱ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ250 እስከ 420 ዓ.ም ባለው መካከል ይገምቱታል። የተሠራው ዛሬ እንደምናየው በሁለት የሹራብ መርፌ ሳይሆን፥ ከዚያ በሚዘገይ ዘዴ በአንድ መርፌ ነው፤ በነጠላ ጫማ ለመጫማት እንዲመች አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቷል። የተገኘውም በግብፅ አገር በመቃብር ቦታ ነው። የከተማይቱ ስም ብህንሳ ነው። ካህናት ሆይ፥ ይህች ከተማ ለእናንተ እንግዳ አይደለችም፤ የቅዳሴ ማርያም ደራሲ የአባ ሕርያቆስ መንበር ናት። ብዙ መነኮሳትና ደናግል ይኖሩባት እንደ ነበር የጥንት መንገደኞች መስክረውላታል። ምስጋናው ከፈለቀባት ከተማ አንዲት የማትታወቅ እጅ የሠራችው የእግር ልብስም ወጣ። የእግሩን ባለቤት ስም አናውቀውም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ሌላው እግር ተጨንቆ እንደ ነበር ክሩ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

አሁን ሥራው ራሱ የሚያስተምረውን እንይ። ካልሲ ሲሠራ ክሩ በመርፌው ላይ በቀለበት በቀለበት ይሰበሰባል፤ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ ያልፋል፥ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል። ከአፉ ተጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከ ተረከዝ ሲወርድ ቀላል ነው። ተረከዙ ላይ ሲደርስ ግን ግማሹ ቀለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ በግማሹ ላይ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ከሠሩ በኋላ ከዳርና ከዳር አዲስ ቀለበት አንሥተው መንገዱን ወደ ጣት ያዞሩታል። ጀማሪ የሚታወከው በዚህ ቦታ ነው። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ አንዲት ቀለበት ካመለጠች ከላይ እስከ ታች ትተረተራለች፤ ወዲያው ያነሣት እንደ ሆነ ግን ሥራው ይድናል። ኀጢአትም እንዲሁ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለንስሓ አባት የተነገረው በጥቂት ድካም ይጠገናል፥ የተሸሸገው ግን ሙሉውን ሕይወት ይተረትራል። ሁለተኛ፥ እግር ያለ ተረከዝ እንደማይቆም፥ ሕይወትም ከቀጥታው መንገድ የሚዞርበት አስቸጋሪ ቦታ አለው፤ በዚያ ቦታ የታገሠ ይፈጽማል። ሦስተኛ፥ አንዱን ካልሲ የጨረሰ ሁሉ ሁለተኛውን አይጨርስም። የመጀመሪያው በአዲስነቱ ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ግን ደስታው ያለፈበትን ሥራ በፍቅር መድገም ነው። ጾምና ጸሎትም እንደዚሁ በሁለተኛው ይፈተናሉ፤ መጀመር የብዙዎች፥ መድገም የጥቂቶች ነውና።

ነገር ግን ትዕግሥትን ማስተማሩ ብቻ ሥራውን አያጸድቀውም፤ ሌባም በትዕግሥት ያደባልና። ደስታው የተባረከ ወይም ከንቱ የሚሆነው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው እንላለን። ለዚህም ምስክሮቻችን ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው። የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልብ በሉ፤ ልጁ ከእርሷ ጋር አይኖርም፥ ቁመቱንም ዕለት ዕለት አታይም፤ ስለዚህ በሠራች ቁጥር ዘንድሮ ምን ያህል አድጎ ይሆን እያለች በልብዋ ትለካው ኖሯል። ያ ልብስ በክር የተሠራ ጸሎት ነበር። የኢዮጴዋ ጣቢታም በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነው፤ ስለ ደግነቷ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። እመቤታችንም ብሥራቱን በሰማች ጊዜ ሐርና ወርቅ ስትፈትል እንደ ነበረ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል፥ በሥዕልም እንዝርት ይዛ ትታያለች። ጠቢቡም በመጽሐፈ ምሳሌ ፍጻሜ ስለ ልባም ሴት ሲናገር እጇን ወደ እንዝርት እንደምትዘረጋ ከተናገረ በኋላ፥ ወዲያው በማስከተል እጇን ወደ ድኻ እንደምትዘረጋ ያነሣል። ሁለቱን ለምን አጠጋጋቸው ቢሉ፥ እንዝርት የሚይዘውና ምጽዋት የሚሰጠው እጅ አንድ እንዲሆን ነው። አንድም፥ ሠርታ የምታውቅ እጅ የምትሰጠው ነገር ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ስለምታውቅ፥ ስጦታዋ በትዕቢት አይሆንምና ነው።

በዚህ ላይ የሚቃወም ሰው፥ «ማርታ በሥራ ስለ ተጠመደች አልተወቀሰችምን? ማርያም ቁጭ ብላ ስለ ሰማች አልተመሰገነችምን?» ሊል ይችላል። መልሱ እንዲህ ነው፤ ማርታ የተወቀሰችው እጇ ስለ ሠራ ሳይሆን ልብዋ ስለ ታወከ ነው። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ መሰልቸት በጸናበት ጊዜ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ገመድ ሲሠራ፥ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ደግሞ ተመልሶ ሲሠራ አይቶ ተጽናና። እንግዲህ መልአክ ያስተማረው ሥራን ከጸሎት መለየት ሳይሆን ማፈራረቅ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመነኮሳትን ሥርዐት የጻፈው ዮሐንስ ካስያንም ስለ አንድ አባ ጳውሎስ ይተርካል። ይህ አባት የሚኖርበት በረሃ ከሰው መንደር የሰባት ቀን መንገድ ይርቅ ስለ ነበር የእጁን ሥራ ወስዶ ቢሸጥ ኪሳራው ከትርፉ ይበልጥ ነበር። እርሱ ግን በየቀኑ የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ የተመደበውን ያህል ይሠራ ነበር፤ ዋሻው በዓመቱ ሲሞላ ያከማቸውን ሁሉ በእሳት ያቃጥለው ነበር። ይህንንም ያደርግ የነበረው ልብን ከመባዘን ለመጠበቅ ነው። እኛ ግን ከገበያ ሰባት ቀን አንርቅም፤ ብርድ ከሚያንገላታው ሰውም ሰባት እርምጃ አንርቅም። ስለዚህ አባ ጳውሎስ ያቃጠለውን እኛ ልናለብሰው ይገባናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በእጅ ሥራ የሚደሰት ሰው በእጅ ሥራ ለሚኖረው ሰው ዕዳ አለበት። አንዲት ባለጸጋ ሴት በቤቷ ሞቅ ካለ ቦታ ተቀምጣ አንድ ወር ሙሉ ካልሲ ብትሠራ ሰዓቷን አትቆጥርም፤ ደስታዋ ዋጋዋ ነውና። በነጋታው ገበያ ወጥታ የሸማኔውን ጋቢ ወይም የባልቴቲቱን ሰፌድ በርካሽ ለመውሰድ ብትከራከር ግን፥ ሥራው ምንም አላስተማራትም። በመርፌው ላይ የደከመ ጣቷ ስለ ሸማኔው ጣት ሊመሰክርላት ይገባ ነበር። ባለሙያን መናቅ በአገራችን ከዋጋ ክርክርም የከፋ ነበር፤ አንጥረኛውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን በስድብ ስም መጥራት ልማድ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት ዐዋጅ ይህን ስድብ ከልክለው ሰዳቢው እንደሚቀጣ አስነገሩ። ዐዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አያጸዳም። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ በየዓመቱ እያነበብን፥ መርፌና መወርወሪያ የያዘውን ሰው ብናቃልል፥ የምናነበው ለጆሮ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

የአገራችን ሀዘንም በዚህ ነገር ላይ የሚጨምረው አለ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በወልድያና በአካባቢዋ በጦርነቱ የደረሰው መከራ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ብዙ ቤት ተዘረፈ፥ ብዙ እናት ልጇን ቀበረች። ሀዘንተኛን በቃል ብዛት ማጽናናት አይቻልም። ነገር ግን ጎረቤት ልቃቂቷን ይዛ ሀዘንተኛዋ አጠገብ ብትቀመጥ፥ ሁለቱም ዝም ብለው ቢሠሩ፥ ዝምታው አይከብድም፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ በራሱ ጊዜ ይናገራልና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም በክር ብቻ አይደለም፤ ተሰብስበው የሚፈትሉ ሰዎች ለብቻቸው ሊሸከሙት የማይችሉትን ሀዘን አብረው ይሸከሙታልና። ልጇን አጥታ የምትለካው እግር የሌላት እናትም ወላጅ ላጣ ልጅ ብትሠራለት፥ የሐና ፍቅር በእርሷ ዘንድ አይቋረጥም።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ መጠን እናበጅለት። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት እንዝርትም መርፌም ይረፉ፤ አምላክ ለእጅም ዕረፍት ሰጥቷታልና። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ቀለበቱ ሳያመልጥ ተይዞ ሥራው ይቀመጥ፤ ከጸሎት በኋላ ከዚያው ይቀጠላል። ወላጆችም ሴት ልጅን ብቻ ሳይሆን ወንድ ልጅንም ያስተምሩ፤ ደበሎውን የሰፋ ተማሪ አልተዋረደም፥ ሹራቡን የሠራ ልጅም አይዋረድም። ከሚሠራው ሁሉ የመጀመሪያው ጥንድ ለሠሪው አይሁን፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት በማሕሌት ለሚቆም ለአንድ ሽማግሌ ወይም ከሩቅ ለመጣ የአብነት ተማሪ ይሰጥ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ ከደጅ ይቀራል፤ ያ የተሰጠ ካልሲ ግን ከለበሰው ሰው ጋር ገብቶ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ሌሊቱን ይቆማል፤ የሠራችውም እጅ በቤቷ ተኝታ ሳለች ከማሕሌቱ ድርሻ ታገኛለች።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው፤ የእጅ ሥራ ደስታ የተፈቀደ ነው፥ ከእግዚአብሔርም የተሰጠ ነው፤ በሠሪው ዘንድ ብቻ ቆሞ የቀረ ደስታ ግን ልቃቂት ሆኖ እንደ ቀረ ክር ነው፤ አለ፥ ነገር ግን ማንንም አላለበሰም። የእጃችንን ሥራ ባርኮ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ልብስ፥ ለእኛም የነፍስ ጌጥ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።