ስለ ቅጥርና ስለ ጎረቤት

ሰው ቅጥር የሚሠራው የሚወደውን ለመጠበቅ ነው። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ እረኛ ለበጎቹ በረት፥ ገበሬ ለአዝመራው አጥር፥ መስፍንም ለከተማው ግንብ ይሠራል። ነገር ግን ቅጥር ሁለት ሥራ አለው፤ ውስጥ ያለውን ይሰበስባል፥ ውጭ ያለውንም ይለያል። ስለዚህ ስለ ማናቸውም ቅጥር ሊጠየቅ የሚገባው፥ ቁመቱ ምን ያህል ነው የሚለው ሳይሆን፥ ማንን ከማን ጋራ ሰበሰበ፥ ማንንስ ከማን ለየ የሚለው ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከቦሌ ተነሥቶ በአኤሮፕላን ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ፥ አንድ ሰዓት ያህል በሮ ይደርሳል፤ ከዚያም በመኪና ዳገቱን ወጥቶ ሐረር ይገባል። ጥንታዊውን ከተማ ጁገልን ለማየት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። የሐኪም ተራራ ከበላዩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዙሪያውን ደግሞ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይና የጭቃ ግንብ ከቦታል። ይህን ግንብ ያሠሩት፥ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ከተማውን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ የሸዋ በር፥ የቡዳ በር፥ የሰንጋ በር፥ የኤረር በርና የፈላና በር ይባላሉ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው።

በግንቡ ውስጥ ቤቶቹ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ የአንዱ ግድግዳ ለሌላው ግድግዳ ነው። መተላለፊያው በየስፍራው እጅግ ስለሚጠብ፥ የተጣሉ ሁለት ሰዎች በዚያ ቢገናኙ አንዱ ለሌላው ትከሻውን ሳያዘነብል ሊያልፍ አይችልም። ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ በሠርግና በኀዘን ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱት በዚህ ነው። ጎብኚው ይህን ሁሉ አይቶ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍም አንሥቶ ወደ ቦሌ ይመለሳል።

በቦሌ የሚቀበለው ምንድር ነው? በዚያ ብዙው ቤት የራሱ ግንብ አለው። በግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፥ ወይም እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቷል፤ በሩ ብረት ነው፥ ከበሩም ዘበኛ ተቀምጧል። በአንድ መንገድ ዐሥር ዓመት የኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች፥ በመኪናቸው መልክ ካልሆነ በቀር የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ስፍራ ሲነገር እንደ ተረት ይሰማል።

የእነዚህ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ በአንድ ዓመት ይገናኛል። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የሐረርን አሚር አብዱላሂን በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረር ገቡ። አዲሲቱ ከተማ በእንጦጦ፥ በየካ፥ በየረር፥ በፉሪና በወጨጫ ተራሮች ተከብባ ሳለች የከተማ ግንብ አልተሠራላትም። ሰዉ በመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ ሰፈረ፤ የባለጠጋው ቤትና የድኻው ጎጆ ጎን ለጎን ቆሙ። ዛሬ ግን በቦሌ፥ በገርጂና በአያት ያለውን መንደር የሚመለከት ሰው፥ አንድ ታላቅ ቅጥር ያልሠራች ከተማ ለየቤቱ እልፍ ትናንሽ ቅጥሮችን እንደ ሠራች ያያል። የሐረር ግንብ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋራ በአንድነት ያጥራል፤ የቦሌ ግንብ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጥራል። ልዩነቱ በድንጋዩ አይደለም፤ በተፈራው ሰው ነው። በዚያ የተፈራው ከሩቅ የሚመጣ ጦር ነበር፤ በዚህ የሚፈራው በአጠገብ የሚያድር ሰው ነው።

የቤቱ ጌታ ለዚህ መልስ አለው። ሌባ በእውነት አለ፤ ልጆቹን ያልጠበቀ አባትም አይመሰገንም ይላል። ይህ እውነት ነው፥ ሊናቅም አይገባም። ደግሞም ሐረርን እንደ ገነት መቍጠር ስሕተት ነው። በጥንት ዘመን በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር፤ ቀን እህል አምጥቶ ከተማውን የሚመግበው ገበሬም ሌሊቱን ከውጭ ያድር ነበር። እንግዳም በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ ክርስቲያን የገባባት ቀን ከተማይቱ ትወድቃለች የሚል ትንቢት ይነገር ነበርና። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀመጠ። ከተማይቱ በእርሱ መግባት አልወደቀችም፤ ግንቡ ግን በ1868 ዓ.ም. ግብጾችን፥ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክን አላስቀረም። አሚር አብዱላሂ የተሸነፉት ከግንቡ ውጭ በሜዳ ነበር። እንግዲህ ቅጥሩ ሥልጣንን ማዳን አልቻለም። የጦር ሥራው ካበቃ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በውስጡ ጸንቶ የቀረው ጉርብትናው ነው።

በዚህ ግንብ ጎብኚው ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ከሥሩ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተትተዋል፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው ወረባ ኑዱል ይሏቸዋል። ጅብ በሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ይበላል። ጦርን ለመከልከል የተሠራ ግንብ ለአውሬ መንገድ ትቶለታል፤ ምክንያቱም ሠሪዎቹ የሚፈሩትንና የሚያስፈልጋቸውን ለይተው ዐውቀዋል። የሚፈራውን ሁሉ በአንድነት የሚዘጋ ሰው የሚጠቅመውንም ዘግቶ ይቀራል።

ቅጥርና እንግዳ የመቀበል ነገር እንዴት እንደሚስማሙ ሌላ ከተማም ያስረዳል። በአድሪያቲክ ባሕር ዳር፥ በሞንቴኔግሮ አገር፥ ተራሮች በከበቡት ወሽመጥ ዳር ኮቶር የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ግንቧ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከባሕሩ ተነሥቶ ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ ይወጣል። በውስጧ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1195 የተሠራች የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ17ኛው መቶ ዓመት ቬኒስና ቱርክ ሲዋጉ ከውጭ ኦርቶዶክሳውያን ወደ ከተማይቱ ገቡ፤ የካቶሊኮች በነበረችው በዚያች ቤተ ክርስቲያን እንዲጸልዩም ተፈቀደላቸው። እስከ ዛሬም የሁለቱ ወገን መሠዊያዎች በአንድ ጣራ ሥር ይታያሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሬት መናወጥ ከተማይቱን ክፉኛ ጎዳት፤ ግንቡ ይህን ሊከለክል አልቻለም። ስደተኛን መቀበል ግን ግንቡ ሳይፈርስ የተቻለ ነገር ነበር፤ በር ነበረውና።

መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው የነህምያ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይቀርበዋል። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተፈጸመ፤ ከሠሪዎቹም ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ሠሩ፤ ሥራው ግን የሁሉ ነበር። ሆኖም የሥራው ታሪክ በመካከሉ የድኾችን ጩኸት ይዟል፤ የገዛ ወንድሞቻቸው እርሻቸውን በመያዣ ወስደውባቸው፥ ልጆቻቸውም ለባርነት ተዳርገው ነበርና። ነህምያም ባለጠጎቹን ወቅሶ የወሰዱትን እንዲመልሱ አደረገ። ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚከለክል ግንብ በውስጥ ያለውን ግፍ እንደማይከለክል ዐውቆ ነበር። ለዘበኛው ደመወዝ በጊዜው ሳይከፍል ግንቡን የሚያስረዝም የቤት ጌታ ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቅመዋል፤ ዕንቅልፉን በዐደራ የሰጠው ለዚያው ለዘበኛው አይደለምን?

የቦሌ ሰው ከጉርብትና ፈጽሞ ተለይቷል ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። እድር አለ። ሰው በሞተ ጊዜ የብረቱ በር ይከፈታል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ባለጠጋውና ልብስ አጣቢዋ፥ ሹሙና ዘበኛው በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። በዚያን ሰሞን ግንቡ እያለ እንደሌለ ይሆናል፥ ከቤቱም ክብር አንዳች አይጎድልም። ቀስ በቀስ ለቀስተኛው ሲሄድ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። እንግዲህ በሩን መክፈት የማይቻል ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው፥ ለሙት የሚከፈተውን ያህል ለሕያው አለመከፈቱ ነው።

ስለዚህ ቅጥሩን ያፍርስ ብሎ በማንም ላይ የሚፈርድ የለም። ያ በአልዓዛር ታሪክ የተነገረለት ባለጠጋም ደጅ ስላለው አልተነቀፈም፤ በደጁ የወደቀውን ሰው ስላላየ ነው እንጂ። ጁገልን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ከቤቱ ሲደርስ፥ ዘበኛው በሩን እስኪከፍትለት ድረስ ጥቂት ጊዜ አለው። በዚያች ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመልክቶ፥ በዚህ ግንብ ማዶ የሚያድረው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ፥ ከቤቱስ የታመመ እንዳለ ራሱን ቢጠይቅ፥ የሐረር ጉዞው በከንቱ አልቀረም።