ድምፅ ማጉያን በምን እንፈትን?

ለመሆኑ አንድ ድምፅ ማጉያ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚፈተነው በምን ዜማ ነው? ጥያቄው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ ለፍልስፍና ተማሪ የሚቀርብ አይመስልም። እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እንላለን። ምክንያቱም ፈተናውን የመረጠ ሰው ፍርዱንም አብሮ መርጧል።

ነገሩን ቦታ ሰጥተን እንየው። በፎገራ ሜዳ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ የኅዳር 12 ንግሥ ዋዜማ ነው እንበል። ባለሞንታርቦው ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ከፍላሹ አንድ መዝሙር ይከፍታል። የትኛውን? አብዛኛውን ጊዜ ከበሮው ደረት የሚመታውን ነው። ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አሪፍ ነው!» ይባላል፤ ፈተናው አለቀ።

በማግሥቱ ግን ከዚያ ሞንታርቦ የሚፈለገው ደረት መምታት አይደለም። ስብከት ነው። «ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ጠፍቶ እዚህ አለ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ልጇ የጠፋባት እናት ጩኸቱን ሰምታ ቃሉን ካልለየች ምን ይረባታል? ቃልን ከቃል የሚለዩት እነ ሰ፣ ሸ፣ ጠ እና ጸ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ቤዙ ሲያጥለቀልቃቸው ይሰምጣሉ። በከበሮ የተመሰገነው መሣሪያ በቃል ሊወድቅ ይችላል።

በመሠረቱ በተቀዳ ዜማ መፈተን ስሕተት አይደለም። ቅጂ አይለዋወጥም፤ ዘማሪ ግን ዛሬ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል። መቶ ጊዜ የሰማነው ዜማ እንግዳ ሆኖ ከተሰማን ጥፋቱ ከመሣሪያው ወይም ከቦታው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ዜማው ማማሩ ሳይሆን መታወቁ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ አስቸጋሪነቱ ነው። ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ ዛሬ ኤምፒ3 የምንለውን ዘዴ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያበጅ የሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» መፈተኛ አደረገው። ሴትዮዋ ያለ አንዳች መሣሪያ ብቻዋን የምታዜመው ነው። በሌላው ሙዚቃ ደህና ይሠራ የነበረው ዘዴ ይህን ራቁቱን የቆመ ድምፅ አበላሸው። ሰውየው ዘፈኑን አልቀየረም፤ ዘዴውን አሻሻለ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

እኛስ ቤት? በገና አለን። ከ10ሩ አውታሮች የሚወጣው ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በገናን የማያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «ስፒከሩ ተቀዷል» ብሎ ንዝረቱን በሚክሰሩ ሊያጠፋው ይችላል። ጉድለት መስሎት ጠባዩን ገደለው ማለት ነው። የዓለሙ አጋን በገና ደጋግሞ የሰማ ግን ንዝረቱ ሲጠፋ ነው የሚደነግጠው። ከማረም በፊት ማወቅ ይቀድማል። ይህ የገጠር ልጅ ጓደኛውን አነጋገር እንደ ስሕተት እየቆጠረ ለሚያርም ተማሪም ይሠራል።

በሌላ በኩል በ1960ዎቹ በሸክላ የወጡ ዘፈኖቻችን የዛሬው ስቱዲዮ የሚያወጣው ዓይነት ከባድ ቤዝ የላቸውም። ሞንታርቦው የሌለውን ቤዝ ጨምሮ ካሰማን ጆሯችንን እያባበለ ነው። መጨመርም እንደ መቀነስ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ቅጂ ስቱዲዮ የገራው ድምፅ ነው፤ ከፍታና ዝቅታው ተስተካክሏል። ሰባኪው ግን ማይኩን አንዴ ይጠጋዋል፣ አንዴ ይሸሸዋል። ማይክ ሲከፈት ደግሞ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ወደ ማይኩ እየተመለሰ ያፏጫል፤ ይህን ቅጂ ፈጽሞ አያሳይም። ባዶ ሜዳም ሕዝብ የሞላበት ሜዳ አይደለም፤ የሰው ገላና ጋቢ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ተቃውሞው ልክ ነው። ስለዚህ ቅጂ ለመጀመር ይበቃል፤ ለመፍረድ አይበቃም።

ታዲያ ማን ይፍረድ? ፕሮታጎራስ የነገሮች ሁሉ መለኪያ ሰው ነው ማለቱ ይነገርለታል። የትኛው ሰው? ሚክሰሩ ጋ የተቀመጠው ወይስ ሜዳው ዳር ምርኩዟን ይዛ የቆመችው አሮጊት? በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአንድ ስፒከር የሚመጣው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ለእሷ ይድረሳት ተብሎ ድምፁ ብቻ ቢጨመር የፊተኞቹ ጆሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ያወጣው ወሰን በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። መፍትሔው ስፒከሩን ከፍ አድርጎ መትከልና መሀል ላይ ሌላ መጨመር እንጂ ጩኸት አይደለም። ደግሞም በኅዳር ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ምድር እያጎነበሰ ሩቅ ይሄዳል። እዚያ ማዶ የተኛ በሽተኛም ጆሮ አለው።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሰው ሲናገር የተቀዳ፣ ቀጥሎ በገና፣ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል አብረው ያሉበት ማኅሌት ይከፈት። ከበሮው ጸናጽሉን ከዋጠው ሥራ አለ። ባለሙያው እየሰማ እስከ ሜዳው ዳር ይሂድ። በመጨረሻ ቅጂው ይዘጋ፣ ማይኩ ይከፈት፣ ዳር የቆሙት እናት ይጠየቁ። «ይሰማል?» ተብለው አይደለም፤ ለዚህ ይሉኝታ ያለው ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «እናቴ፣ ምን አልኩ?» ተብለው ነው እንጂ።

የቅኔ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ቅኔውን የሚነግረው ለሚያደንቀው ጓደኛ ሳይሆን ለሚያርመው ለየኔታ ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ግጥማችንን የምናነበው ለማን ነው? ከማንበባችን በፊት እጁን ለጭብጨባ ላዘጋጀ ጓደኛ አይደለምን? ጓዶች ሆይ፣ ይህንም ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉን። ምን እንዳልን ንገሩንና ተሰምተን እንደሆነ እንወቅ።