በሰው መሬት ላይ የቆመ ቤት

የቤቴን የባለቤትነት ወረቀት የሰጠኝ የመኪና ሊብሬ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። በዋሽንግተን ስቴት ሞባይል ሆም የሚመዘገበው እንደዚያ ነው። ቤቱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን የሌላ ስለሆነ በየወሩ የቦታ ኪራይ እከፍላለሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ ኬንት ውስጥ፣ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በተለየ የሞባይል ሆም ፓርክ ነው። እኔ ታክሲ ስነዳ፣ እሷ አረጋውያን ስትንከባከብ ኖረን ያጠራቀምነው ገንዘብ ሊገዛ የቻለው ቤት ይህ ነበር። ደግ ቤት ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ቡና የሚፈላበት በረንዳ፣ ጎመንና ጤና አዳም የተተከለባት ጥግ አለው። ከቦይንግ ጡረታ የወጣ ጎረቤታችን በረዶ ሲጥል ደጃችንን ይጠርግልናል፤ ባለቤቴ ለፋሲካ ድፎ ትልክለታለች። ሰው እርጅናውን በሰላም የሚያሳልፍበት ቦታ ነው፣ ኪራዩ እስከፈቀደ ድረስ።

ስንገባ ለቦታው የምንከፍለው 600 ዶላር አይሞላም ነበር። ፓርኩ ለሌላ ባለሀብት ከተሸጠ በኋላ በየዓመቱ እየጨመረ ከ1,000 አለፈ። መንገዱም ቧንቧውም መብራቱም ያው የድሮው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል፦ መሄድ በማይችል ሰው ላይ ዋጋ መጨመር ንግድ ነው ወይስ ኃጢአት?

በቤተ ክርስቲያናችን የማከብረው አንድ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ሳነሳበት፣ «ጋሼ፣ መሬቱ የሰውየው ነው። ዋጋውን የሚያወጣው ገበያ ነው። ካልተስማማዎት መልቀቅ ይችላሉ» አለኝ። በቅንነት ነው የተናገረው። እኔ ያልተቀበልኩት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነው።

ሞባይል ሆም ፋብሪካ ውስጥ በብረት ሻሲ ላይ ይሠራል። እንደ እኛ ያለው ደብል ዋይድ ለሁለት ተከፍሎ በከባድ መኪና ይመጣና ቦታው ላይ ይገጣጠማል። አንዴ ከተተከለ፣ ውሃና መብራት ከገባለት፣ በረንዳ ከተቀጠለለት በኋላ ነቅሎ ማጓጓዝ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። የፌዴራሉ የግንባታ ደረጃ ሥራ ላይ ከዋለበት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1976 በፊት የተሠራ ከሆነማ የሚቀበለው ፓርክ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ የሚለቅ ሰው ቤቱን ትቶ ነው የሚለቀው። ልሽጠው ቢልም ገዢው ኪራዩን አስልቶ ይመጣል፤ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይወድቃል። እንዲህ ሆኖ ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን የቋጠረው ጥሪት፣ ማንም ሳይገዛው፣ ቀስ በቀስ ወደ ባለመሬቱ ይሻገራል።

አባቶቻችን አራጣን ለምን እንዲያ አምርረው እንዳወገዙ አሁን ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው ጉባኤ ኒቅያ በ17ኛው ቀኖናው አራጣ የሚበላ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ወስኗል። ቅዱስ ባስልዮስም በአራጣ አበዳሪዎች ላይ በብርቱ ሰብኳል። ያስቆጣቸው የወለዱ ቁጥር ብቻ አይመስለኝም፤ የባልንጀራን መውጫ ማጣት መተዳደሪያ ማድረግ ነው። ጎተራው የነደደበት ገበሬ አበዳሪው ለሚጠራው ወለድ ሁሉ እሺ ይላል፤ ያ እሺታ ግን የነፃ ሰው እሺታ አይደለም። በየዓመቱ የምፈርመው የኪራይ ውልም ከዚያ አይለይም።

የኦሪት ሕግ ስለ ቤትና መሬትም ይናገራል። ስለ ኢዮቤልዩ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 50ኛውን ዓመትና የባሪያዎችን ነፃ መውጣት ነው። እኔን የሚያስደንቁኝ በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ስለ ቤት የተጻፉት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ቅጥር ባለው ከተማ ቤቱን የሸጠ ሰው የሚቤዥበት ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ያ ካለፈ ቤቱ ለገዢው ይጸናል። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻው ይቆጠራል፤ ሊቤዥ ይችላል፣ በኢዮቤልዩም ለባለቤቱ ይመለሳል። ሕጉ በከተማው ቅጥር ውስጥ ገበያውን ፈቀደ፤ ለመንደርተኛው ግን ቤቱን ከአፈሩ ጋር አሰረለት። ከአፈር የተነጠለ ቤት ድሀውን እንደማያድነው ሕግ ሰጪው ያውቃል። የእኛ ፓርክ የተሠራው ይህን ሥርዓት ገልብጦ ነው።

አብርሃምም በድንኳን የኖረ ስደተኛ ነበር። ሣራ በ127 ዓመቷ ስታርፍ የኬጢ ሰዎች ከመቃብሮቻቸው በመረጠው እንዲቀብራት ፈቀዱለት። ሽማግሌው ግን ለኤፍሮን 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመክፈላን ዋሻ ከነእርሻው ገዛ። ምድሪቱ ሁሉ በተስፋ የተሰጠችው ሰው፣ በእርጅናው፣ ነገ ሊለወጥ በሚችል ፈቃድ ላይ ሚስቱን ማሳረፍ አልወደደም።

እኔ የተወለድኩት አርሲ፣ ጭላሎ ነው። አባቴ ጭሰኛ ነበር። ካዱ የሚባለው የልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ሲመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቶች ትራክተር አስገቡ፣ ኪራይ ጨመሩ፣ ጭሰኛውን አስነሡ። አባቴ በገዛ እጁ ካቆመው ጎጆ ወጣ፤ የተከለው ባሕር ዛፍ እዚያው ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬትን ከባለመሬቶች የወሰደው አዋጅ ሲነገር በራዲዮኑ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያ አዋጅ ኋላ ያመጣውን ጣጣም አውቃለሁ፤ ባለመሬቱ መንግሥት ሲሆንም ሰው ከደጁ ይነሣል። ስለዚህ ፓርኮቹ ይወረሱ አልልም።

ባለመሬቱንም ጭራቅ አላደርገውም። የንብረት ግብር አለበት፤ ያረጀ የፍሳሽ መስመር ማስቀየርም ውድ ነው። ደግሞ ፓርኮቹን ከሚገዛው ገንዘብ ከፊሉ የሚመጣው ከመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነው። የአንዷ ጡረተኛ አበል ከሌላዋ ጡረተኛ ኪራይ ይወጣል፤ ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ እንዲህ ባለው በደል ንስሐ የሚገባ ሰው እንኳ አይገኝም። ይህን ሁሉ መዝኜም መልሴ አልተለወጠም። ወጪውን ለመሸፈንና ተገቢውን ትርፍ ለማግኘት የሚጨምር ነጋዴ ነው። ተከራዩ መንቀሳቀስ እንደማይችል አውቆ፣ በዚያው ልክ የሚጨምር ግን አራጣ በላ።

የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሕግ የሞባይል ሆም ቦታ ኪራይ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ከልክሏል። ላወጡት ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም በየዓመቱ 5 በመቶ የሚያድግ ኪራይ በ15 ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ጭማሪ ግን በ2025 2.5፣ በ2026 ደግሞ 2.8 በመቶ ነው። የበለጠ ተስፋ የምጥለው ስቴቱ በ2023 ባወጣው ሕግ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ፓርኩን ሊሸጥ ሲያስብ ለነዋሪዎቹ እንዲያስታውቅና ተወዳድረው እንዲገዙ ዕድል እንዲሰጣቸው ያስገድዳል። ነዋሪዎች ማኅበር መሥርተው መሬቱን በብድር መግዛት በኒው ሃምፕሻየር እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ፣ ዛሬ በልዩ ልዩ ስቴቶች ከ300 በላይ ፓርኮች በዚህ መንገድ የነዋሪዎቻቸው ሆነዋል። እዚያ የቦታውን ክፍያ የሚወስኑት ራሳቸው ከፋዮቹ ናቸው።

እቁብና እድር ይዘን የተሰደድን ሕዝብ ይህ ሊያቅተን አይገባም። በየአጥቢያው ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሕንፃ እንደምታስተባብሩን ለዚህም አስተባብሩን። የሽያጭ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ ቀነ ገደብም አለው፤ አረጋውያኑ ጋ ሄዶ የሚያነብላቸው፣ ጠበቃና አበዳሪ የሚያገናኛቸው ሰው መድቡ። ልጆችም ለወላጆቻችሁ ሞባይል ሆም ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነና ኪራዩ ባለፉት ዓመታት ስንት እንደጨመረ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።